ያሸንፋል፣ አያሸንፍም

ስንታየሁ ቁማርተኛ አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። በትንሿ ሞላሌ ከተማ ውስጥ ካርታ ሲጫወት ያየው፣ ሎተሪ ሲቆርጥ ያገኘው ሰው የለም። ልብስ ሰፊ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ የነተበ ካፖርት ይገለብጣል። ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል ይለካል፣ እንደገና ይለካል፣ ከዚያም ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ትንሽ ያስባል። ደንበኞቹ ይሄን እያዩ ይስቁበታል። ሆኖም ያበላሸባቸው ልብስ ስለሌለ ሥራቸውን ሌላ ጋ አይወስዱም።

እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ውርርድ ውስጥ ምን ከተተው ቢባል፣ ያው ጥንቃቄው ነው የከተተው።

ነገሩ በሁለት ሺህ ስምንት ነው። ያኔ ሞላሌ ላይ ኳስ የሚያሳዩ ሁለት ቤቶች ነበሩ፣ መንገዱ ብቻ የሚለያቸው። መጀመሪያ ዲሽ የተከለችው ብርነሽ ናት። ጠላ ስትሸጥበት የኖረችውን ቤት አግዳሚ ወንበር ደርድራበት ቅዳሜና እሑድ በሰው ታጨናንቀው ነበር። ኋላ ይታየው የሚባል የሰፈሩ ልጅ፣ አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት ሆኖ ሠርቶ ሲመለስ፣ የብርነሽን የሚያስንቅ ቴሌቪዥን ይዞ መጣና ፊት ለፊቷ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ሰላምታ እንኳ ከጥርስ በላይ አያልፍም ነበር።

ሁለቱም ቤት ኳስ ብቻ አላሳዩም፤ ውርርድም ያጫውታሉ። ውርርዱ ቀላል ነው። አንድ ቡድን ይጠራል፤ ያሸንፋል የሚል ያስይዛል፣ አያሸንፍም የሚልም ያስይዛል። እኩል መውጣት እንደ አለማሸነፍ ይቆጠራል። ያገኘ ሰው ያስያዘውን ያህል ይጨመርለታል፣ ያጣ ያስያዘውን ይተዋል። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ቀድሞ ብርነሽ ቲኬት አሠርታ ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች በቲኬቱ ተካክደው ወንበር ከተወራወሩባት በኋላ ግን ቲኬቱን እሳት ውስጥ ከትታ በአገሩ ወግ ይሁን አለች። የአገሩ ወግ ደግሞ የታወቀ ነው። የድሮ ሰው ችሎት ፊት ቆሞ «ቃሌ እውነት ነው» ሲል ማር ወይ በቅሎ ይወራረድ ነበር፤ ቃሉ ሐሰት ከሆነ በቅሎዋም ሄደች፣ እሱም ተዋረደ። እንደዚያው፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አስያዡ ብድግ ይላል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ያሸንፋል» ወይም «አያሸንፍም» ይላል፣ አጠገቡ ካለው አንዱን እማኝ ይጠራል፣ ይቀመጣል። አለቀ። ከዚያ በኋላ በሞላሌ የተካካደ ሰው አልተሰማም። ይታየውም ይህንኑ ወሰደ።

ይታየው የብርነሽን ሰው ለመንጠቅ የመጣለት ሐሳብ ግን የራሱ ነበር። አዲስ አበባ ያየውን አስመስሎ ካርድ አሳተመ፤ ሰማያዊ፣ ጥግ ላይ ኳስ ያለበት። ካርዱን የያዘ ሰው ከኪሱ ሳያወጣ ይወራረዳል፣ ሒሳቡን ወር ሲያልቅ ይዘጋል። ይሄ ብቻ አይደለም። ባስያዘ ቁጥር፣ ቢቀናውም ባይቀናውም፣ ካስያዘው ከአሥር አንዱ ይመለስለታል። ሰው ሰምቶ «ይታየው አበደ» አለ። ይታየው ግን አላበደም። ሰው በካርድ ሲሆን እጁ እንደሚፈታ፣ ከአሥር አንዱን የመለሰለት ሰው ዘጠኙን ጥሎለት እንደሚሄድ ያውቃል።

ያላወቀው ስንታየሁን ነው።

አንድ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መምህር ስለ ካርዱ ሲያወራለት የስንታየሁ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ነገሩን ሲያገላብጥ ሰነበተ። በይታየው ካርድ «ያሸንፋል» ብሎ መቶ ብር ቢያስይዝ፣ መንገዱን ተሻግሮ ብርነሽ ቤት «አያሸንፍም» ብሎ መቶ ብር ቢያስይዝ፣ አንዱ ቤት የበላውን ሌላው ቤት ይከፍለዋል። ብርነሽ ከአሸናፊ ላይ ለመብራት ብላ ትንሽ ትቆርጣለች፤ ይታየው የሚመልሰው ግን ከዚያ ይበልጣል። ልዩነቱ የስንታየሁ ነው። ማንም ቢያሸንፍ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ መብራት ቢጠፋ፣ የእሱ ነው። ደጋግሞ ፈተሸው፤ ቀዳዳ የለውም። ዚግዛግ የሚሰፋ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ካማረው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ መንገዱ ተገኘ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ይታየው ቤት ገብቶ ብድግ አለና «አርሰናል ያሸንፋል!» አለ። እማኝ ጠራ። ሻይ ሳያዝ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ፣ ብርነሽ ቤት ገባ፣ ብድግ አለ።

«አርሰናል አያሸንፍም!»

መስኮት አጠገብ የተቀመጡት ማዶ ያለውን ሰምተዋል። ሳቁ ፈነዳ።

«ስንታየሁ፣ አሞሃል እንዴ?» አለች ብርነሽ።

«ደህና ነኝ እትዬ ብርነሽ። ያዢልኝ።»

«አሁን ማዶ ያሸንፋል ብለህ መጥተህ?»

«ብያለሁ። እዚህ ደግሞ አያሸንፍም እላለሁ። የሚከለክል ሕግ አለ?»

ሕግ አልነበረም። ብርነሽ ገንዘቡን ተቀበለች። ስንታየሁ ተቀምጦ ሻይ አዘዘና ጨዋታውን አየ። ጎል ሲገባ ግማሹ ቤት ዘሎ ተነሳ፣ ግማሹ ራሱን ያዘ። እሱ ሻዩን አማሰለ። ደስ አለው። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ደስ ያሰኘው። ሰው ሁሉ በጭንቀት ሲነድ እሱ ብቻ ምንም የማይነካው ሆኖ መቀመጡ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ የኖረ ሰው ነው፤ ጨርቅ እንዳያበላሽ፣ ደንበኛ እንዳያስቀይም፣ ኪራይ እንዳያልፈው። እዚያ አግዳሚ ላይ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያን ዓይነት ዕረፍት ደግሞ አንዴ የቀመሰ አይተወውም።

በየሳምንቱ ተሻገረ። የሞላሌ ሰው መቼም ስም ለማውጣት አይሰንፍም፤ «ማዶና ማዶ» አሉት። ልጆች በበረንዳው ሲያልፉ «ማዶና ማዶ!» ብለው ይሮጣሉ። እሱም ይስቃል። ይታየው እንኳ ነቅቶ ካርዱን ሊነጥቀው ፈልጎ ነበር፤ ግን ካርዱ ላይ «ማዶ የሚወራረድ አይፈቀድለትም» ተብሎ አልተጻፈም፤ ሰው ፊትም መሸነፉን ማመን አልወደደም። ተወው።

መጋቢት ሲገባ እህቱ ጥሩሸዋ ወደ በረንዳው መጣች።

ጥሩሸዋ ታላቁ ናት። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር፣ ባሏ አባይነህ ከሞተባት ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት። ምን እንዳስጨነቃት ስንታየሁ ያውቃል። የመሬት ባለሙያዎች በመሣሪያ እየለኩ ለየገበሬው ካርታ ያለው ደብተር እየሰጡ በየቀበሌው ሲዞሩ ከርመዋል። አንዴ ካርታ ላይ የወጣ ድንበር አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይነቀንቀዋል? ይህ ሲሰማ ነው የአባይነህ ታላቅ ወንድም ወልደ ጻድቅ «በእኔና በወንድሜ መሬት መካከል ያለው ድንበር ቋጥኙ ነው» ብሎ የተነሳው። ጥሩሸዋ ደግሞ ምንጩ ነው ትላለች። ከምንጩ እስከ ቋጥኙ ያለችው ቁራጭ ሰፊ አይደለችም፤ ግን እርጥብ ናት። የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ሌላው ማሳ አቧራ ሲሆን፣ ገብስ የሚታጨደው ከእሷ ብቻ ነው። ያቺ ቁራጭ ከሄደች የጥሩሸዋ ልጆች ክረምቱን የሚበሉት የሰው እጅ እያዩ ነው።

ወንድማማቾቹ መሬቱን ሲካፈሉ ያስታረቋቸው አባ ገብረየሱስ የሚባሉ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውም አርፈዋል። አባይነህም የለም። ያን ቀን እዚያ ከነበሩት፣ ከራሱ ከወልደ ጻድቅ ሌላ፣ በሕይወት ያለው አንድ ሰው ነው። ስንታየሁ ያኔ ጎረምሳ ሆኖ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ፣ የሚለካበትን ገመድ አንድ ጫፍ ይዞ ቆሟል።

«ባለሙያዎቹ ሰኞ ይመጣሉ» አለች ጥሩሸዋ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች ድንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ቃላቸው ምንም ይሁን ምን ባለሙያዎቹ በዚያ ይለካሉ። ያለኸኝ አንተ ነህ ስንቴ።»

«እትዬ፣ ገመዱን የያዝኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ከኮሶው ዛፍ ተነስቶ በምንጩ ላይ ነው ያለፈው። አባ ገብረየሱስ በጫማቸው ረግጠው አሳዩኝ። እንዴት ይጠፋኛል?»

ጥሩሸዋ ተነፈሰች። ከዚያ፣ «ኳስ ቤት ትመላለሳለህ አሉኝ» አለች።

አስረዳት። ካርዱን አሳያት፣ ማዶውን አሳያት።

«መቼም አትሸነፍም ማለት ነው?»

«መቼም።»

«ደግ ነው» አለች፤ ቁማር መስሏት ፈርታ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

እሑድ ነፋሱ ከጓሳ ደጋ በኩል ፊት እየገረፈ ይመጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ድንጋይ ላይ የሱፍ በርኖሳቸውን ጠቅልለው ተቀመጡ። መሪያቸው አባባ ገብረ አማኑኤል ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ አባታቸው አጥቢያ ዳኛ ስለነበሩ ልጅነታቸውን ችሎት ሥር ቁጭ ብለው ያሳለፉ፣ ሙግት ከጸሎት እኩል የሚወዱ ሽማግሌ። ወልደ ጻድቅ በአንድ ወገን፣ ጥሩሸዋ በሌላው። ጎረቤቱም ሊሰማ ወጥቷል።

ስንታየሁ ቃሉን አሳምሮ ሰጠ። ከኮሶው ተነስቶ፣ እግሩን እየጣለ፣ ምንጩ ድረስ ሄደ። አባ ገብረየሱስ የት እንደቆሙ፣ አባይነህ የት፣ ወልደ ጻድቅ ራሱ የት እንደቆመ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጥሩሸዋ ፊት ፈካ።

«ወልደ ጻድቅ፣ የምትለው አለ?» አሉ አባባ ገብረ አማኑኤል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ።» ወልደ ጻድቅ ተነሳ። አርሶ አደር ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። «ስንታየሁ፣ ትናንት ኳስ ቤት ቆመህ አርሰናል ያሸንፋል ብለሃል?»

ሰው ሳቀ።

«ብያለሁ።»

«አያሸንፍም ብለሃልስ?»

«ብያለሁ። ጋሼ ወልደ ጻድቅ፣ እሱ እኮ ሌላ ነገር ነው። ሒሳብ ነው።» ስንታየሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አስረዳ፤ ካርዱን፣ ከአሥር አንዱን፣ ብርነሽ የምትቆርጠውን።

ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም እንዳትሉ። በደንብ ገባቸው። አንደኛው «ጎበዝ ነው» ብለው በጆሮ ሲንሾካሾኩም ተሰምቷል። ክፋቱ መግባቱ ነበር።

«እኔም ገብቶኛል» አለ ወልደ ጻድቅ። «ያሸንፋል ሲል እማኝ ጠርቷል። አያሸንፍም ሲልም እማኝ ጠርቷል። ሁለቱም ቃሉ ነው፤ አንዱ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ነው ሰው ፊት የቆመው። አይጎዳም። ዛሬም እዚህ ሲናገር ምኑ ይጎዳል? ድንበሩ ምንጩም ቢሆን ቋጥኙም ቢሆን እሱ ነገ መኪናው ላይ ቁጭ ይላል።»

ሳቁ ቀረ።

አባባ ገብረ አማኑኤል በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ነገሩ እንዲህ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ልጅ ትዋሻለህ አላልንም። ግን ቃልህን ሰው ሁሉ በሁለት በኩል ሰምቶታል፤ እኛ በየትኛው እንያዘው? በአባቶቻችን ሥርዓት ይሁን። ምስክሩ ያስይዝ። የልብስ መኪናህን አስይዝ። ወልደ ጻድቅም በበኩሉ በሬውን ያስይዝ። ሁለቱም ካስያዙ ነገ ጠዋት ደጀ ሰላም ቆመው ይማሉ፤ መሐላውን የፈራው ሐሰተኛ ነው፣ ያስያዘውን ያጣል። ወልደ ጻድቅ አላስይዝም ካለ ደግሞ እዚሁ አበቃ፤ ድንበሩ ምንጩ ነው።»

ሁሉም ሰው ወደ ወልደ ጻድቅ አየ። ወልደ ጻድቅ ወደ መሬት ያያል። እጁን በርኖሱ ውስጥ አስገብቷል። በሬ አስይዞ፣ ታቦት ፊት ቆሞ በሐሰት የሚምል ሰው አልነበረም፤ ይህን ጎረቤቱ ያውቃል፣ ጥሩሸዋ ታውቃለች፣ ስንታየሁም ያውቃል። ከስንታየሁ የቀረው አንድ ቃል ነው። «አስይዛለሁ» ብሎ መቀመጥ።

ስንታየሁ አፉን ከፈተ።

ገመዱ እጁ ላይ የነበረ ያህል ይሰማዋል። የአባ ገብረየሱስን ጫማ ያያል፣ ጭቃ የነካው። ያውቃል። ግን ልቡ ቀድሞ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ፤ ብሳሳት የሚመልስልኝ ወገን የት ነው? ወልደ ጻድቅ ጨክኖ ቢያስይዝስ? ያኔ ኮሶው ሁለት ነበር መሰለኝ፤ አንዱ ተቆርጦ ይሆን? መኪናው ከሄደ ምን ይበላል? ከወዲህ የሚጠፋውን ከወዲያ የሚመልስ ቦታ በሐሳቡ ዞሮ ዞሮ አጣ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቤት አልነበረም። የድሮው ፍርሃት ተመለሰበት፤ ኳስ ቤት ባረፈባቸው ሳምንታት ሁሉ ጉልበት ሲሰበስብ የቆየ ይመስል።

«አባባ» አለ፣ «ድንበሩ በምንጩ ነው። ይመስለኛል። ማለቴ… ዘመኑ ረዘመ። መኪናዬን ሙሉ ከማስይዝ፣ አንድ በግ ባስይዝስ?»

ወልደ ጻድቅ ቀና አለ። ፊቱ ሲለሰልስ፣ እጁ ከበርኖሱ ሲወጣ ስንታየሁ በዓይኑ አየው፤ ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

«የበግ ያህል ነው የምታውቀው?» አሉ አባባ ገብረ አማኑኤል፣ ሳይቆጡ።

ጥሩሸዋ ተነሳች። «እኔ አስይዛለሁ! በሬዬን አስይዛለሁ! በእሱ ቃል ላይ እኔ አስይዛለሁ!»

«ተቀመጪ ልጄ። ባለጉዳይ ለምስክር አያስይዝም።»

«አባባ፣ አሁን አስይዛለሁ» አለ ስንታየሁ። «መኪናዬን። ሙሉውን።»

«አሁንማ የወልደ ጻድቅን ፊት አየህ» አሉ ሽማግሌው፤ በአዘኔታ ነበር ያሉት። «ሰው የሚያስይዘው ሳያይ ነው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ተማክረው ተመለሱ። ምስክር ስለሌለ እርጥቧ መሬት እኩል ትካፈል፤ ድንበሩ በምንጩና በቋጥኙ መካከል ይሁን፤ ባለሙያዎቹ ሰኞ በዚያ ይለኩ። ችካል ተተከለ። ወልደ ጻድቅ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ ሄደ። ሰውም ተበተነ።

ስንታየሁ ከእህቱ ኋላ ኋላ ተከተለ። «እትዬ» አለ፣ «ከካርዱ ያጠራቀምኩት አለ። ገብስ እገዛልሻለሁ። በየዓመቱ እገዛልሻለሁ። ያ መሬት የሚሰጠውን ያህል እኔ—»

ጥሩሸዋ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ረስቼዋለሁ ብትል እችለው ነበር» አለች። «አስይዘህ ብትሸነፍም በሬዬን ሸጬ መኪና እገዛልህ ነበር። አንተ ግን ታውቅ ነበር ስንቴ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ቤቷ ከማሳው ወዲያ ነው፤ ዘወትር እርጥቧን መሬት ሰያፍ አቋርጣ ነበር የምትሄደው። አዲሱ ችካል ጋ ስትደርስ እግሯን ሰበሰበችና፣ ጠዋት የራሷ የነበረውን መሬት ላለመርገጥ ዙሪያውን ዞራ ሄደች።